ከቢሮ ውጭ የማይሠራው ኢንተርኔት፦ የፕሮክሲ ማስተካከያ በፋየርፎክስ ከነምክንያቱ

ላፕቶፑ ቢሮ እያለ ደህና ይሠራ ነበር። ማታ ቤት ሲከፈት ግን ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» እያለ አንድም ገጽ አያመጣም። ስልኩ በዚያው ዋይፋይ ቪዲዮ ያጫውታል። ራውተሩ ይጠፋል፣ ይበራል፤ ፓኬጅ ይገዛል፤ በመጨረሻም «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ተብሎ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ የተረሳ አድራሻ ነው። ቢሮ ውስጥ ለፕሮክሲ የተጻፈው ቁጥር ቤትም ስለቀረ፣ ኮምፒውተሩ ቤት ውስጥ የሌለ ማሽን ሲፈልግ ያመሻል።

ይህን ለማስተካከል ኮምፒውተር መፍታት አያስፈልግም። ጥያቄው በየት በኩል እንደሚያልፍ ማወቅና ፕሮግራሙ የሚያወጣውን የስህተት መልእክት ማንበብ ይበቃል። ለምሳሌ የወሰድነው ፋየርፎክስን ነው። ምክንያቱም ከሌሎቹ ብሮውዘሮች በተለየ የራሱ የፕሮክሲ መስኮት አለው፤ እሱን የተረዳ ሰው የሌሎቹን ፕሮግራሞች መስኮት ሲያይ አይደናገርም።

ፕሮክሲው የቆመበት ቦታ

ፕሮክሲ በእናንተ ኮምፒውተርና በኢንተርኔት መካከል የቆመ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ብሮውዘሩ ገጹን በቀጥታ ከማምጣት ይልቅ «ይህን አምጣልኝ» ብሎ ጥያቄውን ለእሱ ይሰጣል፤ እሱ አምጥቶ ያቀብላል። ከወዲያ ማዶ ያለው ድረ ገጽ የሚያየው የፕሮክሲውን አድራሻ እንጂ የእናንተን አይደለም። መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚያቆሙት ማን የት እንደገባ ለመመዝገብ፣ አንዳንድ ገጾችን ለመዝጋት፣ ድሮ ደግሞ አንዴ የመጣን ገጽ አስቀምጦ ለሌላው ሠራተኛ በመስጠት መስመር ለመቆጠብ ነበር። ይህ የመጨረሻው ጥቅም ዛሬ በጣም ቀንሷል። አብዛኛው ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ተመስጥሮ ስለሚመጣ ፕሮክሲው ውስጡን አይቶ ሊያስቀምጠው አይችልም።

የኤችቲቲፒኤስ ነገር ትንሽ መብራራት አለበት። ያልተመሰጠረ ገጽ ሲጠየቅ ብሮውዘሩ ሙሉውን አድራሻ ለፕሮክሲው ይነግረዋል፤ ፕሮክሲውም ገጹን ያነባል። የተመሰጠረ ገጽ ሲሆን ግን ብሮውዘሩ የሚለው «ከዚህ ድረ ገጽ፣ በ443 ቁጥር ፖርት አገናኘኝ» ብቻ ነው (ፖርት ማለት በአንድ ማሽን ላይ አንድ አገልግሎት የሚገኝበት የበር ቁጥር ነው)። ፕሮክሲው መስመሩን ከፍቶ ዳር ይቆማል። የጣቢያውን ስም ያውቃል፤ ውስጥ ምን እንደተጻፈ፣ የትኛው ገጽ እንደተነበበ አያውቅም። ይህን ያዙት፣ ወደ ታች ሁለት ቦታ ላይ ያስፈልገናል።

ቪፒኤን ሌላ ነገር ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ሁለቱ ቃላት እየተቀላቀሉ ይነገሩ ነበር፤ እስካሁንም አልተለዩም። ቪፒኤን በተለመደው አሠራሩ የኮምፒውተሩን ግንኙነት በሙሉ በአንድ የተመሰጠረ መስመር ይወስዳል። ፕሮክሲ ግን የሚሸከመው «በእሱ በኩል ሂድ» የተባለውን ፕሮግራም ብቻ ነው፤ በራሱም ምንም አያመሰጥርም።

ለየትኛው ፕሮግራም ማን ይወስናል?

ክሮምና ኤጅ በዊንዶውስ ላይ የራሳቸው የፕሮክሲ መስኮት የላቸውም። ክሮም ውስጥ ገብታችሁ የፕሮክሲውን ቁልፍ ስትጫኑ የሚከፈተው የዊንዶውስ ሴቲንግ ነው። እዚያ የተጻፈው ለሁለቱም ይሠራል። ፋየርፎክስ እንደተጫነ ሲስተሙን ይከተላል፤ ከፈለጋችሁ ግን የራሱን ይዞ ይሄዳል። ቴሌግራም ዴስክቶፕም እንዲሁ። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት የሚሠሩ ብዙ መሣሪያዎች ደግሞ ለዊንዶውስ ሴቲንግ ደንታ የላቸውም፤ የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

ስለዚህ «ክሮም ይከፍታል፣ ፋየርፎክስ አይከፍትም» ከተባለ ኢንተርኔቱም ሲስተሙም ደህና ናቸው፤ የሚታየው የፋየርፎክስ የራሱ ማስተካከያ ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉና ስልኩ ከከፈተ ጥርጣሬው ወደ ዊንዶውስ ይዞራል። ስልኩም ካልከፈተ ፕሮክሲውን ተዉት፤ መስመሩ ነው።

መስኮቱን መክፈት

ፋየርፎክስ ላይ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት መስመሮች ተጭናችሁ ሴቲንግስ ውስጥ ግቡ፤ ከላይ ባለው መፈለጊያ ሳጥን «ፕሮክሲ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። «ኔትወርክ ሴቲንግስ» የሚለው ብቻውን ይቀራል፤ ከጎኑ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ መስኮቱ ይወጣል። ቁልፉ ደብዝዞ እምቢ ካለ ወይም «በድርጅታችሁ የሚተዳደር ነው» የሚል ጽሑፍ ካለ ማስተካከያውን አይቲ ክፍል ቆልፎታል ማለት ነው፤ እነሱን ጠይቁ።

አምስት ምርጫ ታገኛላችሁ። «ኖ ፕሮክሲ» በቀጥታ ውጣ ማለት ነው። «ዩዝ ሲስተም ፕሮክሲ ሴቲንግስ» ዊንዶውሱን፣ ማኩን ወይም ሊኑክሱን ተከተል ይላል። «ኦቶ ዲቴክት» ኔትወርኩን ጠይቆ ራሱ እንዲያገኝ ያዘዋል። «ማኑዋል» በእጅ የሚሞላው ነው። የቀረው የአውቶማቲክ ፋይል አድራሻ የሚጻፍበት ነው።

ማኑዋሉን በግምት መሙላት አይቻልም። የፕሮክሲ አድራሻ ከኔትወርኩ አስተዳዳሪ የሚገኝ ነገር ነው። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የማሽኑን ስም ወይም ቁጥር፣ የፖርቱን ቁጥር፣ ዓይነቱን (ኤችቲቲፒ ነው ወይስ ሶክስ)። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነም እዚያው ይነገራችሁ። ስኩዊድ የሚባለው የታወቀ የፕሮክሲ ሶፍትዌር ሲጫን ፖርቱ 3128 ነው፤ 8080 በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ሶክስ አብዛኛውን ጊዜ 1080 ላይ ይገኛል። አስተዳዳሪው ግን ቁጥሩን እንደፈለገ ሊቀይረው ስለሚችል እነዚህን ለመገመቻ አትጠቀሙባቸው።

በእጅ ሲሞላ የሚበላሸው የት ነው

አንድ የቢሮ ፕሮክሲ 10.1.1.5 ላይ፣ ፖርቱ 3128 ነው እንበል። በመጀመሪያው ሳጥን የሚገባው 10.1.1.5 ብቻ ነው። ከፊቱ ኤችቲቲፒ ብሎ ሁለት ነጥብና ሁለት ስላሽ መጨመር፣ ከኋላው ስላሽ ማስከተል ወይም ፖርቱን እዚያው መለጠፍ ስህተት ነው። 3128 የሚጻፈው ከጎን ባለችው ትንሽ ሳጥን ነው። ከኢሜይል ገልብጣችሁ ከለጠፋችሁ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ተከትሎ እንዳልገባ እዩ።

ቀጥሎ ከሥሩ ያለችው ምልክት ማድረጊያ ናት፦ «ይህንኑ ፕሮክሲ ለኤችቲቲፒኤስም ተጠቀም» የምትለው። ለብዙ ሰዓት ልፋት ምክንያት የምትሆነው እሷ ናት። ምልክቱ ከተረሳና የኤችቲቲፒኤስ ሳጥኑ ባዶ ከቀረ፣ ፋየርፎክስ ያልተመሰጠሩትን ገጾች በፕሮክሲው ይልካል፤ የተመሰጠሩትን ግን በቀጥታ ሊያወጣ ይሞክራል። የቢሮው ፋየርዎል (የሚገባና የሚወጣውን ግንኙነት የሚያጣራው መከላከያ) ደግሞ በቀጥታ የሚወጣውን ይዘጋል። ዛሬ አብዛኛው ገጽ የተመሰጠረ ስለሆነ ለተጠቃሚው የሚታየው «ፕሮክሲውን አስገብቼ ምንም አልተለወጠም» ነው። አድራሻው ትክክል ነበር፤ የጎደለችው ምልክቷ ናት።

የሶክስ ሳጥኑን ለብቻው ተዉት። «ሁሉንም ሳጥን ልሙላው፣ አንዱ ይሠራል» የሚል ልማድ አለ፤ አይሠራም። ኤችቲቲፒና ሶክስ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው፤ የኤችቲቲፒ ፕሮክሲን በሶክስ ቋንቋ ብታናግሩት አይሰማችሁም። በተቃራኒው የተሰጣችሁ ፕሮክሲ ሶክስ ከሆነ ሁለቱን የላይ ሳጥኖች ባዶ አድርጉ፤ ምክንያቱም እነሱ ከተሞሉ ፋየርፎክስ ለድረ ገጽ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእነሱ ነው። ከሶክስ 4 እና ከሶክስ 5 አንዱን ስትመርጡ፣ ሌላ ካልተባላችሁ በስተቀር 5ን ያዙ።

ሶክስ 5 ስትጠቀሙ ከመስኮቱ ግርጌ ዲኤንኤስን በፕሮክሲው በኩል ስለመላክ የሚናገረውን ምልክት ተመልከቱ። ዲኤንኤስ ማለት የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚቀየርበት ጥያቄ ነው። ምልክቱ ካልተደረገ ገጹ በፕሮክሲው ይመጣል፤ «የዚህ ድረ ገጽ ቁጥር ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ከራሳችሁ ኮምፒውተር ወጥቶ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ይሄዳል። ስለዚህ የት እንደገባችሁ መታየቱ አይቀርም፤ አቅራቢው ያን ስም ከዘጋው ደግሞ ፕሮክሲው እየሠራ ገጹ አይከፈትም።

ሌላ ሳይነገር የሚቀር ነገር፦ ፋየርፎክስ በዚህ መስኮት ለሶክስ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሶክስ ከተሰጣችሁ እዚህ ምንም ብትሞክሩ አይሆንም።

«ኖ ፕሮክሲ ፎር» የሚለው ሰፊ ሳጥን በፕሮክሲው የማያልፉትን ይዘረዝራል። የቢሮው የውስጥ ድረ ገጽ፣ የፕሪንተሩ ገጽ፣ የራውተሩ ገጽ እዚህ መግባት አለባቸው፤ አለዚያ ብሮውዘሩ ጎኑ ያለውን ፕሪንተር ለማየት ፕሮክሲውን ይለምናል። የራሱን ኮምፒውተር፣ ማለትም በ127 የሚጀምሩትን፣ ፋየርፎክስ ሳይነገረው በቀጥታ ይሄድባቸዋል። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛው ኮማ ይለያያል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ከተጻፈ ኮማው በአንዳንድ ኪቦርዶች የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ «፣» ሆኖ ይገባል፤ በዓይን ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ፕሮግራሙ ግን መላውን ዝርዝር እንደ አንድ የማይታወቅ ስም ያነበዋል። ከመጻፋችሁ በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። አንድን የአድራሻ ክልል በሙሉ ለማስቀረት 192.168.1.0/24 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ የሚሠራው አድራሻው በቁጥር ሲጻፍ ነው። ፕሪንተሩን በስሙ የምትጠሩት ከሆነ ስሙንም ጨምሩ።

ዊንዶውስ ላይ የዚሁ ሳጥን አጻጻፍ ይለያል። እዚያ መለያው ኮማ ሳይሆን ሴሚኮሎን (;) ነው፤ ክልሉም በ/24 ሳይሆን በኮከብ ይጻፋል፦ 192.168.1.* እየተባለ። ከአንዱ ገልብጦ ወደ ሌላው መለጠፍ አያዋጣም።

የይለፍ ቃል ሲጠየቅ

ቁጥር 407 ያለበት መልእክት ወይም ስምና የይለፍ ቃል የምትጠይቅ ትንሽ መስኮት ከመጣች ፕሮክሲው ተገኝቷል፤ የቀረው ማንነታችሁን ማሳወቅ ነው። ትክክለኛውን ጽፋችሁ መስኮቷ ደጋግማ ከመጣች መጀመሪያ ፋየርፎክስ ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ የይለፍ ቃል አጥፉ፤ ከሴቲንግስ የፓስወርድ ዝርዝር ውስጥ በፕሮክሲው አድራሻ ይገኛል። ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ከቀየረ በኋላ ይህ የተለመደ ነው። ብሮውዘሩ አሮጌውን እየላከ፣ ሰርቨሩ እየመለሰ፣ ከጥቂት ሙከራ በኋላ የሠራተኛው አካውንት ራሱ የሚቆለፍበት ቦታ አለ።

ለዚህ ቦታ የኢሜይላችሁን ወይም የባንካችሁን የይለፍ ቃል አትድገሙ። «ቤዚክ» በሚባለው ቀላል የማረጋገጫ ዘዴ ስሙና የይለፍ ቃሉ ከኮምፒውተራችሁ እስከ ፕሮክሲው የሚሄዱት በሌላ ፊደል ተገልብጠው እንጂ ተመስጥረው አይደለም። በዚያው ኔትወርክ መስመሩን የሚያዳምጥ ሰው ያለ ችግር ያነባቸዋል።

መልእክቱ የሚጠቁመው ቦታ

ፋየርፎክስ ፕሮክሲውን ማግኘት አልቻልኩም ካለ («አንኤብል ቱ ፋይንድ ዘ ፕሮክሲ ሰርቨር»)፣ የፕሮክሲው ስም ወደ ቁጥር አልተቀየረም ማለት ነው። ወይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፣ ወይ ስሙ የሚታወቀው ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ እናንተ ደግሞ ቤት ናችሁ።

ፕሮክሲው ግንኙነት አልቀበልም አለ ካለ («ዘ ፕሮክሲ ሰርቨር ኢዝ ሪፊውዚንግ ኮኔክሽንስ»)፣ በአድራሻው ማሽን አለ፣ በዚያ ፖርት ግን የሚያዳምጥ የለም። ፖርቱን አረጋግጡ። የቢሮው ፕሮክሲ 192.168.1.1 ከሆነ ግን ቤት ስትደርሱ ያ ቁጥር የቤታችሁ ራውተር ሊሆን ይችላል፤ በሩ የተንኳኳው የራውተሩ ነው፣ እሱም አላውቅም ይላል። እዚህ ላይ ልዩነት አለ፦ ሌሎች ገጾች እየከፈቱ አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ይህ መልእክት ከመጣ ማስተካከያችሁ ደህና ነው፤ ፕሮክሲው ያንን ጣቢያ ከልክሏል። ፕሮክሲው ለተመሰጠረ ገጽ መስመሩን አልከፍትም ሲል፣ «ተከልክሏል» የሚለውን የራሱን ገጽ ብሮውዘሩ ስለማያሳይ ነው መልእክቱ ከብልሽት ጋር የሚመሳሰለው።

ከደቂቃ በላይ ሲሽከረከር ቆይቶ ጊዜው አለፈ ካለ ጥያቄው መንገድ ላይ ጠፍቷል። 10.1.1.5ን ቤት ሆኖ መፈለግ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ይህን ነው፤ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፋየርዎል ወይም ያቺ የኤችቲቲፒኤስ ምልክት።

የሰርተፍኬት (ድረ ገጹ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል ማስረጃ) ማስጠንቀቂያ በየገጹ ከመጣ ሁለት ነገር ይታይ። የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ልክ መሆኑን ተመልከቱ፤ ባትሪው ያለቀ አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ኋላ ዓመታት ተመልሶ ይህንኑ ያመጣል። ሰዓቱ ልክ ከሆነ ፕሮክሲው ምስጠራውን መሃል ላይ ፈትቶ እያየ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ይህን ያደርጋሉ፤ የራሳቸውን ሰርተፍኬት በየኮምፒውተሩ ስለሚጭኑ ማስጠንቀቂያው አይመጣም። ያልተጫነበት ኮምፒውተር ካላችሁ አይቲ ክፍሉ ይጫንላችሁ። ከኢንተርኔት ባገኛችሁት ነፃ ፕሮክሲ ላይ ማስጠንቀቂያው ከመጣ ግን «ተቀብያለሁ» ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው አጥፉት፤ ሌላ ሰው ገጻችሁን እያነበበ ነው።

ሌላው ዊንዶውስ ላይ የሚገኝ ቅሪት ነው። በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ፕሮክሲ የሚለውን ስትከፍቱ 127.0.0.1 ተጽፎ በርቶ ካገኛችሁት፣ ትርጉሙ «በራሴ ኮምፒውተር ላይ ባለ ፕሮግራም በኩል እወጣለሁ» ነው። ማስታወቂያ ማገጃ፣ ቪፒኤን ወይም የወላጅ መቆጣጠሪያ ጽፎት ሲወገድ ሳያጠፋው ይሄዳል። አጥፉት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ተመልሶ ከበራ ግን የሚጽፈው ፕሮግራም አሁንም አለ፤ ካልታወቀ በፀረ ቫይረስ ይፈተሽ።

ሆቴል ወይም ካፌ ውስጥ የክፍል ቁጥር ወይም ኮድ የሚጠይቀው መግቢያ ገጽ አልመጣ ካለ በእጅ የገባ ፕሮክሲ እንዳለ እዩ። ገጹ የሚመጣው ኔትወርኩ ጥያቄያችሁን መሃል ላይ ሲይዘው ነው፤ ጥያቄው ወደ ቢሮ ፕሮክሲ ከሄደ አይመጣም። በእነዚህ ቦታዎች «ኦቶ ዲቴክት»ንም አጥፉ። ያ ምርጫ ኔትወርኩን «ፕሮክሲህ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በማታውቁት ኔትወርክ ላይ መልሱን ማን እንደሚሰጥ አታውቁም።

ቴሌግራም ዴስክቶፕ

ሴቲንግስ፣ ከዚያ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ኮኔክሽን ታይፕ»። ኤችቲቲፒ፣ ሶክስ 5 እና የቴሌግራም የራሱ ኤምቲፕሮቶ ይገኛሉ። ለሶክስ ስምና የይለፍ ቃል መጻፊያ እዚህ አለ። ኤምቲፕሮቶ ከአድራሻና ከፖርት ሌላ «ሲክሬት» የሚባል ረጅም ኮድ ይጠይቃል፤ አንድ ፊደል ከጎደለ አይገናኝም፣ ስለዚህ በእጅ ከመጻፍ የተላከላችሁን የፕሮክሲ ሊንክ መጫን ይሻላል። የኤምቲፕሮቶ ፕሮክሲው ባለቤት መልእክታችሁን ማንበብ አይችልም፤ የኢንተርኔት አድራሻችሁንና መቼ እንደገባችሁ ግን ያያል። በቻቶቻችሁ ዝርዝር አናት ላይ ያልገባችሁበት ቻናል ካያችሁ የፕሮክሲው ባለቤት ያስቀመጠው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮክሲውን ስታጠፉ ይሄዳል።

ቢሮና ቤት ለሚመላለስ ላፕቶፕ

በየቀኑ መስኮት እየከፈቱ መቀያየር አያስፈልግም። መሥሪያ ቤቱ የአውቶማቲክ ፋይል ካለው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ፋይሉ ለእያንዳንዱ አድራሻ «በፕሮክሲ ሂድ» ወይም «በቀጥታ ሂድ» ብሎ የሚመልስ አጭር ፕሮግራም ነው፤ የፋይሉን አድራሻ አንዴ ትጽፋላችሁ። ቤት ሆናችሁ ፋይሉ ካልተገኘ ፋየርፎክስ በቀጥታ ይወጣል። ፕሮክሲው ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ቢመለስ ግን ፋየርፎክስ የወደቀውን ፕሮክሲ ለ30 ደቂቃ ያህል እንደሞተ ቆጥሮ ይተወዋል፤ ዘግቶ መክፈት ያስረሳዋል።

ፋይል ከሌለ ፋየርፎክስ ላይ ሁለት ፕሮፋይል (የየራሳቸው ማስተካከያ ያላቸው የተለያዩ የፋየርፎክስ ማህደሮች) ክፈቱ። በአድራሻው ቦታ «አባውት» ብሎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ «ፕሮፋይልስ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ገጹ ይመጣል። አንዱን «ቢሮ» ብላችሁ ፕሮክሲውን እዚያ ሙሉ፤ ሌላውን «ቤት» ብላችሁ «ኖ ፕሮክሲ» ላይ ተዉት። የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችና ቡክማርኮች በሁለቱ መካከል አይጋሩም፤ ስለዚህ አዲሱን ፕሮፋይል ከመጠቀማችሁ በፊት የምትፈልጉትን ቡክማርክ አሻግሩ።